ከድጡ ወደ ማጡ፦ ኮራወር ላይ ብቻዬን የዋልኩበት ቅዳሜ

ባቡሩ ሊገባ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ጣቢያው ደረስኩ። ግራ እግሬ እስከ ጭኔ ጥቁር ጭቃ ነው። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ማንም አልተጎዳም፣ የነፍስ አድን ቡድንም አልተጠራም፤ ግን ጠዋት ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ለተራራ ጉዞዬ ያሰላሁት ሰዓት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተሳስቷል። የተሳሳተበትን ምክንያት ቆይቼ ካርታውን ዘርግቼ ደቂቃ በደቂቃ ለማየት ሞክሬያለሁ። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው።

የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ከደጋ ለመጡ ሰዎች ነው። እኛ ተራራን በከፍታው የመመዘን ልማድ አለን። ስኮትላንድ ውስጥ 955 ሜትር ሲባል "ይሄ እኮ ከአዲስ አበባ ግማሽ አይሞላም" እንላለን። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ ቦታውን ላስረዳ። ኮራወር ከግላስጎው ወደ ፎርት ዊሊያም በሚወስደው የዌስት ሃይላንድ መስመር ላይ ያለ ትንሽ ጣቢያ ነው። 408 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ በብሪታንያ ዋና የባቡር መስመሮች ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመኪና መንገድ አይደርሰውም። ትወርዳለህ፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። በደቡብ በኩል ራኖክ ሙር የሚባለው ረግረግ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ሐዲዱን ሲዘረጉ መሬቱ ያስቀመጡበትን ሁሉ እየዋጠ አስቸግሯቸው ነበር። መላው የተገኘው ቅርንጫፍና ሳር ከነሥሩ አነባብረው፣ በላዩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቶን አፈርና አመድ ደፍተው፣ ሐዲዱን እንደ ታንኳ በማንሳፈፍ ነው። ዛሬም ባቡሩ የሚያልፈው በዚያ ላይ ነው። ይህን አውቅ ነበር። የብረት ሐዲድ የዋጠ መሬት ለእኔ እግር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን አላሰብኩም።

ተራሮቹ ሁለት ናቸው፦ ካርን ዴርግ፣ 941 ሜትር፣ እና ስጎር ጋይብሬ፣ 955 ሜትር። ስማቸው በጌሊክ፣ በስኮትላንድ ነባር ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው "ቀዩ የድንጋይ ክምር" እንደ ማለት ነው፣ ሁለተኛው "የፍየል ጫፍ"። ሁለቱም "ሙንሮ" ከሚባሉት ውስጥ ይገባሉ። ሙንሮ ማለት ቁመቱ ከ3,000 ጫማ በላይ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆነ የስኮትላንድ ተራራ ነው፤ ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ዝርዝራቸውን ካወጣው ከሰር ሂዩ ሙንሮ ነው። ዛሬ 282 ናቸው። እነሱን ቆጥሮ መጨረስ እዚህ አገር የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። እኔ ያኔ አስራ አንድ ወጥቼ ነበር፣ አብዛኛውን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር። ብቻዬን ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ነበር፣ ቅዳሜ። ዓርብ ማታ ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ።

"ብቻህን?" አለችኝ። "ምን አግኝተህ ነው? አውሬ ቢያጋጥምህስ?"

"እትዬ፣ እዚህ ጅብ የለም። ተኩላም ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል።"

"እሺ ብትወድቅስ?"

ለዚህኛው መልስ ነበረኝ። የምሄድበትን መስመር በካርታ ላይ በቀይ አስምሬ ፎቶውን ላክሁላት። በየትኛው ባቡር እንደምሄድና በየትኛው እንደምመለስ ጻፍኩ። "ማታ 4 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩልሽ 999 ደውለሽ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን በያቸው፣ ይህን ፎቶ ስጫቸው" አልኳት። የስኮትላንድ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አያስከፍሉም። በአጭር መልእክትም 999ን ማግኘት ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ ስልክን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ያን ቀን በትክክል ያደረግኩት ነገር ምንድን ነው ብባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ይህ ነው።

የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር ስንቄ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ሁለት ሊትር ውኃ ነው። በሶውን ዓርብ ማታ በዘይትና በትንሽ ጨው ለውሼ ድብልብል አድርጌ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ሰው የሚያስገባ ብርቱካናማ ከረጢት፣ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ገንባሌ፣ ሁለት የመራመጃ ዱላ። ዕቃ አልጎደለኝም።

ባቡሩ ከግላስጎው የተነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኮራወር የደረስኩት 5 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። የመመለሻው ባቡር ማታ 12 ሰዓት ከ25። ሰባት ሰዓት አለኝ ማለት ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ከእሱ በኋላ ወደ ለንደን የሚሄደው የሌሊት ባቡር ያልፋል፣ ቅዳሜ ማታ ግን አይሄድም። ስለዚህ 12 ሰዓት ከ25 የመጨረሻዬ ነበር።

እዚህ አገር ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ያወጣው ነው፤ ዛሬ በሜትር ሲሰላ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ 10 ደቂቃ ይያዛል። የእኔ መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅቡ 800 ሜትር ገደማ። አስልቼው አምስት ሰዓት ተኩል መጣ። ከሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይተርፈኛል አልኩ። ለራሴም አንድ ደንብ አወጣሁ፦ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን የትም ብሆን፣ ጫፉ አፍንጫዬ ስር ቢሆንም እንኳ፣ እመለሳለሁ። የእጅ ሰዓቴ እንዲጮህ ሞላሁት።

ከጣቢያው እስከ ሎክ ኦሺያን ሐይቅ ጥሩ የጠጠር መንገድ አለ። ሐይቁ ዳር ያለችው ትንሽ የእንጨት ቤት የወጣቶች ማረፊያ ናት። ጥንት በጀልባ ወደ አደን ቤቱ የሚሻገሩ እንግዶች የሚጠብቁባት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ማረፊያ ሆነች። እዚያ ጋ ሦስት ቀይ አጋዘኖች ቆመው አዩኝ፣ አልሸሹም። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያዘግመው የድሮ መንገድ ይጀምራል። እሱን ይዞ ጥቂት መውጣት፣ ከዚያ መንገዱን ትቶ ሽቅብ ወደ ካርን ዴርግ። መንገዱን ስተወው ነው ሒሳቡ መፍረስ የጀመረው።

ያ መሬት ምን እንደሚመስል በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ እሱ ነው። ከላይ ሲታይ ሜዳ ነው። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ እዚህም እዚያም ነጭ ባዘቶ የመሰለ ነገር በቀጭን አገዳ ጫፍ ላይ ንፋስ ያወዛውዘዋል። "የረግረግ ጥጥ" ይሉታል፣ ግን የጥጥ ዘመድ አይደለም፤ የቄጤማ ወገን ነው። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን ቁምነገር ሆነልኝ። ቄጤማ የት እንደሚታጨድ የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም፤ ጨፌ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነጩ የበዛበት ቦታ እርጥብ ነው። ሐምራዊ አበባ ያላት ድንክ ቁጥቋጦም አለች፣ የእኛ አስታ እዚህ ጉልበት ሳትደርስ የቀረች የምትመስል፤ በእርግጥም ዘመድ ናቸው። እሷ በብዛት ያለችበት መሬት ትንሽ ይሻላል።

በመካከላቸው ያለው ነው አስቸጋሪው። ስፋግነም የሚሉት ለስላሳ ተክል አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብሩህ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ትራስ ተነፍቶ ይተኛል። አንድ ጭብጥ ነቅዬ ጨመቅኩት። ስፖንጅ ስትጨምቁ እንደሚሆነው ውኃው በጣቶቼ መሐል ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። የራሱን የደረቅ ክብደት እስከ ሃያ እጥፍ ውኃ ይይዛል። እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፣ ቁስል ላይ የሚደረግ ጨርቅ መቀየር የዕለት ሥራዬ ነው፤ እና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይሄንኑ ተክል ከስኮትላንድ ረግረግ እየለቀሙ፣ እያደረቁ፣ ለወታደሮች ቁስል ማሰሪያ ያደርጉት እንደነበር ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ደም መምጠጡ ብቻ ሳይሆን አሲዳማ ስለሆነ ተሕዋስያን እንደልብ አይራቡበትም። በዚሁ ምክንያት የሞተ ተክል ረግረጉ ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም። ይደራረባል፣ ይጠቁራል፣ ይጠቀጠቃል። "ፒት" የሚሉት ጥቁር መሬት እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ። ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ፒት ላይ የቆመ ሰው የሁለት ሺህ ዓመት የተክል ክምችት ላይ ቆሟል ማለት ነው።

መራመዱ ደግሞ እንዲህ ነው። አንዱ እርምጃ ጠንካራ ሳር ላይ ያርፋል፣ ቀጣዩ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይገባል፣ ሦስተኛው ጉብታ ላይ ተንሸራቶ ይጣመማል። ሁለት እርምጃ እኩል አታገኝም። እኔ ደልዳላ መሬት ላይ 100 ሜትር ለመሄድ በግራ እግሬ ብቻ ስቆጥር 65 ጊዜ እረግጣለሁ፤ እዚያ ስቆጥር ከ80 አለፈ። የካርታው የከፍታ መስመሮች ይህን አያሳዩም። ሰፋ ሰፋ ብለው የተሠመሩበትን ቦታ ሳይ "እዚህ ጋ ዳገቱ ቀላል ነው፣ እፈጥናለሁ" ብዬ ነበር። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ዳገት ውኃ ያወርዳል፣ ለጥ ያለው መሬት ነው ውኃ የሚያቁረው። በዚያ ተራራ ላይ ፈጥኜ የሄድኩት ገደል ገደል የሚመስለው ቦታ ላይ ነው፣ የዘገየሁት ሜዳው ላይ ነው።

ስሌቱ እስከ ካርን ዴርግ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ብሎ ነበር። የፈጀብኝ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። 8 ሰዓት ከ10 ላይ ጫፉ ላይ ካለው የድንጋይ ክምር ጋ ተቀመጥኩ። ራኖክ ሙር ከነትንንሽ ሐይቆቹ ከታቼ ተዘርግቷል፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ የግሌንኮ ተራሮች፣ በምዕራብ ቤን ኔቪስ ራሱን ደመና ውስጥ ቀብሮ። በሶዬን በላሁ። ስልኬ ላይ አንድ መስመር ኔትወርክ መጣና "አንደኛው ጫፍ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብዬ ለእህቴ ላክሁ። የተረፈኝን ጊዜም ቆጠርኩ። የአንድ ሰዓት ተኩል ትርፌ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተበልቷል። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ስሌቱ በዚህ መሬት ላይ ሩብ ያህል እንደሚያንስ አይቻለሁና፣ የቀረውንም መንገድ በዚያው ልክ ከፍ አድርጌ እንደገና ማስላት። አላደረግኩትም። "እስካሁን የዘገየሁት ሽቅብ ስለነበር ነው" ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከካርን ዴርግ ወደ ስጎር ጋይብሬ ለመሄድ ማም ባን ወደሚባል ኮርቻ፣ በሁለቱ ተራሮች መሐል ወዳለው ዝቅታ፣ ይወረዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮርቻው ላይ ስደርስ ጉም ከምሥራቅ መጣ። አመጣጡ ቀስ ያለ ነው፤ መጀመሪያ የሩቁ ተራራ ጠፋ፣ ከዚያ ቅርቡ፣ ከዚያ 30 ሜትር ላይ ያለው ድንጋይ። ካፊያም ጀመረ። ከድንጋዮቹ መሐል ቆቅ የምታክል ግራጫ ወፍ ብድግ ብላ አጠገቤ ሮጠች። በብርዱ ወራት ነጭ የምትሆነው ናት። ካርታዬን አውጥቼ ኮምፓሱን አስተካክዬ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ወጣሁ። ብቻህን ስትሆን ጉም ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ፍርሃት አይደለም። ዝምታው ነው። "ትክክል ነን አይደል?" ብለህ የምትጠይቀው ሰው የለም። ለኮምፓሱ ጮክ ብዬ "እሺ፣ አምኜሃለሁ" ያልኩት ትዝ ይለኛል፣ ድምፅ መስማት ፈልጌ ነው።

9 ሰዓት ተኩል ላይ የእጅ ሰዓቴ ጮኸ። ጫፉ አልታየኝም፣ ግን ዳገቱ እየለዘበ ነበር፣ በቆጠርኩት መሠረት የቀረኝ 150 ሜትር ቢሆን ነው። ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልቆምኩም። አጠፋሁትና ቀጠልኩ። በአምስት ደቂቃ ጫፉ ላይ ነበርኩ፤ ጉም ብቻ ነው ያየሁት።

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። እነዚያ አምስት ደቂቃዎች በራሳቸው ምንም አላጠፉም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ያን ደንብ ስጥስ፣ ያጠፋሁትን ጊዜ መመለስ አለብኝ የሚል ሐሳብ ይዞኝ መጣ። ጫፉ ላይ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ አስቀድሜ ያሰመርኩት ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ትከሻው ወርጄ በሐይቁ ማዶ ጫፍ ካለው የአደን ቤት ጋ ጥሩውን መንገድ ማግኘት፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር እስከ ጣቢያው፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከግማሽ በላዩ ጠጠር መንገድ። ሁለተኛው ወደ ማም ባን ተመልሼ ከኮርቻው በቀጥታ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሸለቆው መውረድ። ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። ካርታው ላይ ደግሞ እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ጠዋት ሙሉ መሬቱ ሲያስተምረኝ የዋለውን ረስቼ ሁለተኛውን መረጥኩ። እህቴ ጋ ባለው ፎቶ ላይ ይህ መስመር አልነበረም። ኔትወርክም አልነበረኝም። እዚያ ብቀር ኖሮ የሚፈልጉኝ ሌላኛው መስመር ላይ ነው።

ከኮርቻው የተነሳሁት 10 ሰዓት ላይ ነው። ሩብ ሰዓት እንደወረድኩ ከጉሙ ወጣሁና ፊቴ ያለውን አየሁ። ፒቱ በውኃና በንፋስ ተሸርሽሮ ተቆራርጧል። ጥቁር ግድግዳዎች፣ አንዳንዱ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ አናታቸው ላይ ሳር እንደ ባርኔጣ የተደፋባቸው፣ በመካከላቸው ጥቁር ጭቃ የተኛበት ጠባብ መተላለፊያ። ውስጡ ስትገባ ሁለት ሜትር እንኳ ፊትህን አታይም። ግድግዳውን ትወጣለህ፣ አምስት እርምጃ ትሄዳለህ፣ እንደገና ትወርዳለህ። ኮምፓሱ ቀጥታ ሂድ ይላል፣ መሬቱ ደግሞ ዙር ይላል።

አንደኛው ግድግዳ ስር የዛፍ ጉቶ ተገልጦ አየሁ። ጥድ ነው፣ ሥሮቹ እንደ ሰው ጣት ተዘርግተው። ዙሪያዬን አንድ ዛፍ አይታይም። ዳሰስኩት፤ ልጡ በከፊል አለ፣ በጥፍሬ ስፍቀው ቀላ ያለ እንጨት ወጣ። እንዲህ ያሉት ጉቶዎች ፒቱ ሳይውጣቸው በፊት እዚያ የነበረው ደን ቅሪት ናቸው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት አላቸው። ቸኩዬም ቢሆን አንድ ደቂቃ እጄን ጭኜ ቆየሁ። ያን አልጸጸትበትም።

የገባሁበት ማጥ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሰዓቱ 10 ሰዓት ከ35 ነበር። ከጥቁሩ መተላለፊያ ወጥቼ ብሩህ አረንጓዴ ሜዳ አየሁና እፎይ ብዬ ረገጥኩ። አዎ፣ ስፋግነሙ ነው፣ ጠዋት የጨመቅኩት። ግራ እግሬ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ጉልበቴን አለፈ፣ ጭኔ ላይ ቆመ። ታች የሚረገጥ ነገር የለም። በደመነፍስ በቀኝ እግሬ ገፍቼ ለመውጣት ስታገል እሱም መግባት ጀመረ። ከድጡ ወደ ማጡ ስንል ኖረናል፣ ያን ቀን ትርጉሙን በእግሬ አወቅሁት።

ከዚያ በፊት ያነበብኩት ነገር መጣልኝ፤ መታገል ትቶ ክብደትን ማስፋት። የጀርባ ቦርሳዬን አውልቄ ከጎኔ ጣልኩ። ሁለቱን ዱላዎች አስተኝቼ በደረቴ ተደገፍኩባቸው፣ ቀኝ ጉልበቴን ቦርሳው ላይ አደረግኩ። የተያዘውን እግሬን ወደ ላይ ከመሳብ ፋንታ ወደ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩት፣ ውኃ በዙሪያው እንዲገባና መምጠጡ እንዲላላ። ቀዝቃዛ ነው፣ በሰኔም ቀዝቃዛ ነው። ስንት ጊዜ "አማኑኤል" እንዳልኩ አላውቅም። ጫማዬ ሊወልቅ ሲል የያዘው በጫማው ስር የታሰረው የገንባሌው ጠፍር ነው። ስወጣ በሆዴ እየተሳብኩ ጠንካራ ሳር እስክይዝ ሄድኩ። አንደኛው ዱላ እዚያው ቀረ፣ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሰዓቴን ሳይ 10 ሰዓት ከ55 ይላል፤ ሃያ ደቂቃ።

ተቀምጬ ካልሲ ቀየርኩ፣ ሹራብ ደረብኩ፣ የቀረችውን በሶ በላሁ። መንቀጥቀጤ እስኪቀንስ አልተነሳሁም። ባቡሩ ሊያመልጠኝ እንደሚችል ያኔ ተቀበልኩት። ቢያመልጠኝ የሚሆነውን ቆጠርኩ፦ ማረፊያው ቦታ ካለው አድራለሁ፣ ከሌለው ብርቱካናማው ከረጢት አለኝ፣ ሰኔ ነው፣ ብርሃኑ እስከ ማታ 4 ሰዓት ይቆያል። የሚከብደው እህቴ መደወሏ ነው። ግን እሱንም ማረፊያው ጋ የሚረዳኝ ሰው አገኛለሁ አልኩ። ይህን ካሰብኩ በኋላ አካሄዴ ተለወጠ። መቸኮል ተውኩ፣ በዱላዬ ሳልወጋ አልረገጥኩም፣ ብሩህ አረንጓዴውን ሁሉ ዞርኩት።

ከሐይቁ በላይ የተተከለ ደን አለ፣ አጋዘን እንዳይገባበት በረጅም የሽቦ አጥር የታጠረ። አጥሩን ሳይ የባቡር መስመሩ ሲጠና የደረሰው ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1889 ሰባት ሰዎች፣ መሐንዲሱ ቻርልስ ፎርማንና ተቋራጩ ሮበርት ማክአልፓይን ያሉበት፣ ሐዲዱ የሚያልፍበትን መሬት ለማየት ራኖክ ሙርን በእግር ለማቋረጥ ተነሱ። ለዚያ መሬት የሚሆን ልብስም ዝግጅትም አልነበራቸውም። መሸባቸው፣ ተበታተኑ፣ በዕድሜ የገፉት ደክመው ወደቁ። ከመካከላቸው ቡሎክ የሚባለው በጨለማ አጥር ጠልፎት ወድቆ ራሱን ሳተ። ሲነቃ ያንኑ አጥር ተከትሎ ሄዶ እረኞች አገኘ፣ እረኞቹም ሌሎቹን ፈልገው አወጧቸው። ሰባቱም ተረፉ። አጥር የሰው እጅ ነው፣ መጨረሻው የሆነ ቦታ ነው። እኔም እጄን ሽቦው ላይ አድርጌ ተከተልኩት፣ አሥር ደቂቃ ሳልሄድ በር አገኘሁ፣ ከበሩ የሚወርድ ቀጭን መንገድ፣ ከዚያ የሐይቁ ዳር ጠጠር መንገድ። 11 ሰዓት ከ25።

ጠጠሩ ላይ እግሬ ሲያርፍ የተሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል። ጠንካራ መሬት። አራት ኪሎ ሜትር ከምናምን ይቀረኛል፣ አንድ ሰዓት አለኝ። ኔይስሚዝ ያለው በዚህ መንገድ ላይ ልክ ነው፤ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሚጅ የሚሏት ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ በመንጋ ፊቴ ላይ ሰፈረች፣ ልከላከላት አቅም አልነበረኝም። ማረፊያው ጋ ያሉት አጋዘኖች አሁንም እዚያው ናቸው።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሁለቱን መንገዶች አነጻጸርኩ። በአቋራጩ ከማም ባን እስከ ጠጠሩ መንገድ አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ወሰደ፣ ያውም ቁልቁል። በመጀመሪያው መስመር ብሄድ፣ ለረግረጉ ክፍል ሩብ ጨምሬ እንኳ ሳሰላው፣ ጣቢያው የምደርሰው 12 ሰዓት ከ15 ገደማ ነበር። በዱላዬ፣ በደረቅ እግሬ። አሁን ሳሰላ መንገድ ለሌለው ረግረግ የስሌቱን ግማሽ እጨምራለሁ፣ ፒት ለተቆራረጠበት ደግሞ እጥፍ። ይህ የእኔ ቁጥር ነው፣ የእናንተ እግር ሌላ ሊል ይችላል። ለሰው የላክሁትን መስመር ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት አልቀይርም። ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከሄደ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ በፈለገበት አቅጣጫ መራመድ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን "እዚህ አትሂድ" የሚልህ ሰው ስለሌለ መወሰኑ ያንተው ነው።

ብቻዬን መሄዱን አልተውኩትም። ተው የሚሉኝ አሉ፣ ይገባኛልም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሕመም ስሰማና ስጠራ ስለምውል፣ ማንም የማይጠራኝ አንድ ቀን ያስፈልገኛል።

ባቡሩ ገባ። ወንበሩ እንዳይበላሽ ብርቱካናማውን ከረጢት አንጥፌ ተቀመጥኩበት። ራኖክ ሙርን ስናቋርጥ ፀሐይ ከደመናው ስር ወጥታ ትንንሾቹን ሐይቆች አበራቻቸው፤ በመስኮት ሲታይ አሁንም ሜዳ ነው የሚመስለው። ከሙሩ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ስልኬ ነዘረ። ደወልኩ።

"እትዬ፣ ባቡር ላይ ነኝ።"

"ተመስገን" አለች። ዝም አለች ትንሽ። "ድምፅህ ምን ሆኗል?"

"ደክሞኝ ነው። ስመጣ እነግርሻለሁ።"

"በላህ?"

"በሶው አልቋል።"

"በቀጥታ ወደዚህ ና። ሽሮ እሠራለሁ።"